የበሬው ቁርበትና የጃርት ቅጠል

አንድ ጊዜ፣ ጌሾ ሻጯ እትዬ ጠጂቱ ከአማታቸው ሰምተው እንዳወሩልኝ ከሆነ፣ አውሬውም የቤት ከብቱም ሳይለያይ አብሮ የሚኖርበት አንድ ሸለቆ ነበር። ጅብና አህያ በአንድ ሜዳ ይውሉ ነበር ሲባል የማይስቅ የለም። ይውሉ ነበር ግን። ደንብ ነበራቸዋ።

ደንቡ የመጣው ከአንድ ሽማግሌ በሬ ነው። በክፉ የድርቅ ዘመን፣ ወንዙም ኩሬውም ነጥፎ እንስሳው ሁሉ ምላሱን አውጥቶ ሞቱን ሲጠባበቅ፣ ይህ በሬ ዐለት ሥር ገብቶ ሦስት ቀን ሙሉ በቀንዱ ሲቆፍር ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ፈለቀ፤ በሬው ግን እዚያው ወደቀ። ነፍሱ ከመውጣቷ በፊት፣ ውሃው የሁላችሁም ነው፣ እንዳትረሱት ቆዳዬን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት ብሎ ተናዘዘ። ሥጋውን ማን እንደበላው አይወራም፤ ይታወቃል እንጂ። ቆዳው ግን ተወጥሮ ደርቆ ቁርበት ሆነ። በጠርዙ ዙሪያ ከየእንስሳው አንዳንድ እፍኝ ጠጉር ተሰፋበት፤ ከአንበሳ ጎፈር፣ ከአህያ ጭራ፣ ከፍየል ጢም፣ ከጅብም ሳይቀር ከጀርባው። ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ረጅም እንጨት ላይ ተሰቀለና ሰንደቅ ተባለ።

ሁለት ሥርዓት ነበረው። አንደኛው፣ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሰንደቁ ይወርዳል፣ የተበሳው ይጠገናል፣ አህያ ተሸክሞት ሜዳውን ይዞራል። ሁለተኛው፣ አዲስ ሕግ አመጣሁ የሚል ሁሉ ሕጉን ሦስት ቀን ዋርካው ላይ ሰቅሎ ያስነብባል፤ በአራተኛው ቀን ሕጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ እሱ አፉን ሰንደቁ ላይ አድርጎ እየተሳለመ ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሡ አንበሳ መዳፉን ጭቃ ነክሮ የሚያትምበት።

ሰንደቁን የምትጠግነው ጃርት ነበረች። መርፌዋ ከገዛ ጀርባዋ ነው፤ ማን ይስተካከላታል። ይቺው ጃርት ሌላም ሥራ ነበራት። በየማለዳው የኮባ ቅጠል ዘርግታ፣ በእሾኋ እየጫረች የሸለቆውን ወሬ ትጽፍና ከዋርካው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ጋዜጣ በሉት። ማን ወለደ፣ ማን ገደል ገባ፣ ምንጩ ላይ ማን ተራ ቀማ፣ የቆቅ እንቁላል በጠፋ ለት ከጎጆው እስከ ቀበሮ ጉድጓድ የማን ዱካ ታየ፣ አንድ አያመልጣትም። ያየችውን ትጽፋለች፤ ያላየችውን ቢለምኗትም አትጽፍም። ወዳጅ ያላበዛችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። የቅጠሉ ትልቁ ጣጣ ደግሞ ፍየል ናት። ፍየል አንብባ ስትጨርስ ትበላዋለች። አንዳንዴ ሳትጨርስም ትበላዋለች።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። አያ ጅቦ ዘመዶቹን ሰብስቦ ምንጩን በእሾህ አጠረው። ምነው ሲባል ጥበቃ ነው አለ። ከማን ነው የምትጠብቀው ሲባል፣ እሱን ገና እያጣራሁ ነው አለ። አንበሳው ነገሩን አልጠየቀም፤ ምን ጎደለው፣ ውሃው ጠዋትና ማታ በአህያ ጀርባ ዋሻው ድረስ ይመጣለታል። አህያው ግን የንጉሡን ውሃ በሁለት ቅል ሞልቶ ከአጥሩ ሲወጣ፣ ለራሱ አንዴ ጎንበስ ብሎ ልጠጣ ቢል ጅቦቹ ጥርስ ያሳዩታል። ታች ወርዶ የከብት ኮቴ ውስጥ የተጠራቀመ ድፍርስ ይልሳል። ጎኑ ገባ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ።

ለጃርት ነገራት። ጻፈችለት። ያን ቀን ቅጠሉን ፍየል በላችው። ደግማ ጻፈች። የንጉሡን ቅጠል የምታነብለት ቀበሮ ነበረችና፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ ሲላት፣ ምንም የለም፣ ደመና ነው አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ጻፈች። በዚያው ቀን የጦጣ ልጅ ሠርግ ስለነበር ሁሉም የሠርጉን ወሬ አንብቦ ሄደ። ጃርት ከዋርካው ሥር ቆማ አንድ ባንድ ሲሄዱ አየቻቸው። ዐይን እያላቸው፣ አለች በሆዷ። ዐይን እያላቸው።

መስከረም ጠባ። ጃርት ዘጠኝ ቀን ጎንበስ ብላ ቁርበቱን ጠገነች። በዘጠነኛው ቀን ወገቧ አልቀና ብሏት በእጇ እየዳሰሰች ጨረሰችው። በበዓሉ ዕለት ሰንደቁ አህያው ላይ ተጫነ፣ እንስሳው ሁሉ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ዙሩ ተጀመረ። አህያው ግማሽ ሜዳ ሄደ፤ አንበሳው ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጀርባውን ነቀነቀ። ቁርበቱ ዱብ አለ። አህያ ሸክም ሲወርድለት እንደሚያደርገው እዚያው ተጋድሞ አራት እግሩን ሰማይ አድርጎ፣ በቁርበቱ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተንከባለለ። ተነሣና አቧራውን አራገፈ።

«ምንጩ የአያ ጅቦ ከሆነ፣ ይሄም ቁርበት ነው» አለ።

የጃርት እሾህ ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ቆመ። ዘጠኝ ቀኗን ቆጠረች። በዚያች ሰዓት ከእሷ የባሰ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል ባይነሣ ኖሮ አህያውን ራሷ ትወጋው ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ግን አያ ጅቦ ነው። በሬው ሲሞት ከእነ አያ ጅቦ ዘር ማንም ሲያለቅስ አልታየም፤ ያን ዕለት ግን ደረቱን እየደቃ አባታችን ተዋረደ አለ። ሰንደቁን ያዋረደ ሁሉ ለጅብ ይሰጥ የሚል ሕግ ይውጣልኝ ብሎ ንጉሡ እግር ላይ ወደቀ። ለምን ለጅብ ብላ ጦጣ ስትጠይቅ፣ ሌላው ሥራ ይበዛበታል አለ። ቀበሮ ከጎኑ ቆማ፣ የአፍ ነገር ይረሳል፣ እኔ ልጻፍላችሁ አለች። አንበሳው የተሰደበ የመሰለው እሱ ራሱ ነበርና ጎፈሩ ተነፍቶ፣ ሦስት ቀን ይሰቀል፣ በአራተኛው አትማለሁ ብሎ ተነሣ። አህያው ዋሻው ደጃፍ ታሰረ።

ሳይመሽ ጃርት ወደ ታሰረበት ሄደች። ልትሰድበው ነበር የሄደችው።

«ጋሼ አህያ፣ ዘጠኝ ቀን ነው የሰፋሁት» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«መንከባለል ካማረህ ሜዳው ሰፊ ነበር።»

«ሜዳው ላይ ብንከባለል ማን ያየኝ ነበር፣ እትዬ ጃርት? ሦስት ጊዜ ጻፍሽልኝ። ማን አነበበው?»

ጃርት ይብሱን ተናደደች። አሁን ይቅርታ በል፣ ሰንደቁ ፊት ተንበርክከህ አጠፋሁ በል፣ ምናልባት ንጉሡ ይለሳለስ ይሆናል ብላ መከረችው። አህያው ጆሮውን ጣለ።

«ለበሬው ይቅርታ እላለሁ» አለ። «ለአጥሩ አልልም።»

አህያ አይደል። ጃርት እያጉረመረመች ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተጣላች። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ እሷ እንደሆነ ያንን ቁርበት እንደ ልጇ ታውቀዋለች፣ የቱ ጋ እንደሳሳ፣ የቱ ጋ ብል እንደገባው። ነገር ግን ሦስት ቀን ቆጥሮ በጅብ የሚበላ እንስሳ አለ። የሚበላውም ጠማኝ ስላለ ነው። ጉድጓዷ ስትደርስ የኮባ ቅጠሏን ዘረጋች፣ እሾህ ነቀለች፣ እንዲህ ብላ ጫረች።

«የአህያው ሥራ አንገብግቦኛል። ሰንደቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ የተቆጣ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ነገር ግን ቁርበት ላይ የተንከባለለን ዛሬ ከበላን፣ ነገ ቁርበቱን ቀና ብሎ ያላየን እንበላለን፣ ከነገ ወዲያ ውሃው የት ሄደ ያለን እንበላለን። በሬው ቆዳውን የሰጠን ውሃውን እንዳንረሳ ነበር። ሕጉ አይታተም። አህያው ምን እንዳለም ይሰማ።»

በማግስቱ ማለዳ ሰቀለችው። የሕጉ ቅጠል ከጎኑ ተሰቅሏል፤ ገና አንዲት መስመር ነበረች።

ኧረ ያን ቀን የተባለችውን። ግማሹ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አንብቦ፣ ጎሽ እትዬ ጃርት፣ አህያውን ልክ አስገባሽልን እያለ ሊያመሰግናት መጣ። ግማሹ የመጨረሻዋን ብቻ አንብቦ፣ በሬውን የካደች፣ የአህያ ጠበቃ እያለ ረገማት። ፍየል መጀመሪያውንና መጨረሻውን በልታ ስለነበር መካከሉን ብቻ አነበበችና፣ ለመሆኑ ወሬው ስለ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ከርከሮ ጉድጓዷ ደፍ ላይ ፋንድያ ጥሎላት ሄደ። ትናንት ሰላም ሲላት የነበረው ዝንጀሮ ፊቱን አዞረ፤ የዝንጀሮ ፊት ሲዞር ደግሞ የሚታየው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው።

ጃርት ለእያንዳንዱ ልታስረዳ ሞከረች። አህያውን አልወደድኩለትም፣ ሕጉን ግን ጠላሁ ትላለች። ታዲያ የማን ወገን ነሽ ይሏታል። የማንም አይደለሁም፣ ሙሉውን አንብቡት ትላለች። ረጅም ነው ይሏታል። ስድስት መስመር ነበር።

ወደ አመሻሹ ቀበሮ ጭራዋን እያወዛወዘች መጣች። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ጉድጓዷ ጠየቀቻት። ሰፈሩ ሁሉ እየሰደባት እንደሆነ እንደሰማች፣ እሷ ግን እንደ እህት እንደምታዝን ነገረቻት።

«ነገ ስለ ዝናብ ጻፊ፣ እትዬ ጃርት» አለቻት። «ዝናብ ማንንም አያስቀይምም። ይሄ ሕግ እንደሆነ ላንቺ አልወጣ፣ ምን አገባሽ?»

«ለቆቅ እንቁላል ሌባም አልወጣም፤ አንቺስ ምን አገባሽ?»

የቀበሮ ጭራ ቆመ። ፈገግታዋ ግን አልጠፋም።

«ቅጠልሽን የምትሰቅይው ዋርካው ላይ ነው» አለች። «ዋርካው ደግሞ የሰንደቁ ነው። እሷን ብቻ አስቢባት፤ እኔ ለደኅንነትሽ ነው።»

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ጃርት ዋርካው ሥር ስትደርስ የሕጉ ቅጠል አንድ መሆኑ ቀርቶ ሰባት ሆኗል። ቀበሮ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራለች። ሰንደቁን የረገጠ፣ የተንከባለለበት፣ ያቆሸሸ፣ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያላየ፣ አይቶ ያነጠሰ፣ በአጠገቡ የሳቀ፣ በእጁ በእግሩ በጭራው በጥርሱ የነካ። ወረድ ሲል ደግሞ፣ እነዚህን ያደረገ እንስሳ ጠማኝ ብሏልና ይደመጥ ያለ፣ ለእሱ የጻፈ፣ የተጻፈውን የሰቀለ፣ የተሰቀለውን ያነበበ። በእያንዳንዱ መጨረሻ፣ ለጅብ ይሰጥ።

አያ ጅቦ ማንበብ አይችልም። ቀበሮ አጠገብ ቆሞ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ወደ ታች ያያል።

«የመብላቱ ነገር አለበት?» አላት።

«አለበት፤ ከየአንዱ ሥር።»

«ይበቃኛል» አለ።

ጃርት ያን ቀን አልጻፈችም። ጉድጓዷ ገብታ ተቀመጠች። ሕጉ ከታተመ አህያው ሲበላ እሷ ሁለተኛ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ቅጠልም የለም፣ ዋርካውም ላይ ስለ ዝናብ እንኳ የሚጽፍ አይገኝም። ይሄን ማወቋ አላስፈራትም ማለት ውሸት ነው። ይበልጥ ያበሳጫት ግን ሌላ ነበር፤ ሰባቱን ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ያነበበ እንስሳ አንድ እንኳ አለመኖሩ። ያመጣው ጅቡ ራሱ አላነበበውም። የሚያትመው ንጉሥ አላነበበውም። ሁሉም ስለ ሕጉ ያወራል፣ ሕጉ ውስጥ ግን የሁሉም ስም አለ። ከመካከላቸው ሰንደቁ አጠገብ ስቆ የማያውቅ ማን ነው? ጦጣ እኮ በሠርጉ ለት እንጨቱ ላይ ወጥታ ጨፍራለች።

በሦስተኛው ቀን አጭር ወሬ ጻፈች።

«ደንቡን እንዳትረሱ። ሕግ ያመጣ ሁሉ፣ ሕጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ ሰንደቁን በአፉ እየተሳለመ ያዳምጣል። አንድም መስመር አይዘለልም። አያ ጅቦም ያመጣውን ይስማ።»

ሌላ ተንኮል አልነበራትም። ጅቡ ቢያንስ የገዛ ሕጉን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ብቻ ነው የፈለገችው፤ አንበሳውም አብሮ እንዲሰማ። ይቺን ግን ሁሉም አነበባት። አጭር ነበረች።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ከፍ ስትል እንስሳው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አህያው ታስሮ መጣ፤ አራት ቀን ጠብታ ውሃ አልቀመሰም፣ ምላሱ ከአፉ አልገባ ብሏል። ሰንደቁ ከእንጨቱ ወርዶ ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ተዘርግቷል። አንበሳው በጭቃ የተሞላ ገበቴ ፊቱ አስቀምጦ መዳፉን ነክሯል። ቀበሮ ሰባቱን ቅጠል ታቅፋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አያ ጅቦ መሳለሙን ሲነግሩት ሳቀ። ይሄ ነው እንዴ ያስጨነቃችሁ ብሎ ቀረበና አፉን ቁርበቱ ላይ አሳረፈ።

ቀበሮ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ አማራት። እያንዳንዷን ቃል እያሳመረች፣ እየዘረጋች፣ ዐይኗን ከቅጠሉ ሳታነሣ ታነባለች። ፀሐይዋም እየሞቀች መጣች። ቁርበቱ ሲሞቅ ሽታው ይነሣል፤ በዚያ ላይ አህያው ላቡን ሁሉ ያራገፈው እዚያው ላይ ነው። የበሬ ቁርበት፣ የአህያ ላብ፣ የፍየል ጢም። ለአንድ ጅብ፣ ያውም ቁርስ ላልበላ።

በሁለተኛው ቅጠል አፍንጫው ተነፋ። በሦስተኛው ከአፉ ጥግ ለሀጭ ወርዶ መሬት ነካ።

«አየሽው፣ እያለቀሰ ነው» አለ ዝንጀሮ።

«በአፉ ነው እንዴ የሚያለቅሰው?» አለች ጦጣ።

በአራተኛው ቅጠል ዐይኑን ጨፈነ። ቀበሮ አምስተኛውን ስትገልጥ ጎርነን ባለ ድምፅ፣ «ሰንደቁን በጥርሱ የነካ» አለች። ከኋላዋ ቀርጨም የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ደግሞ ማላመጥ። ከዚያ መዋጥ።

ቀበሮ ቀና አለች። የሰንደቁ አንድ ማዕዘን የለም።

«ምን አደረግህ?» አለ አንበሳው።

«ተሳለምኩ፣ ጃንሆይ።»

«ጫፉስ የት ሄደ?»

አያ ጅቦ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ከከንፈሩ ላይ የአንበሳ ጎፈር ተንጠልጥሏል።

«ከቅድምም የነበረ አልመሰለኝም» አለ።

ሸለቆው ተናወጠ። አህያውን ሊያስበሉ የመጡት ሁሉ አሁን ጅቡን ካላስበላን አሉ። ሕጉ ይታተም፣ አሁኑኑ ይታተም፣ በጥርሱ የነካ ለጅብ ይሰጥ ይላል ብለው ጮኹ። ጅብ እንዴት ለጅብ ይሰጣል ብሎ አንዱ ሲጠይቅ፣ ከኋላ ሰልፍ የቆመ የአያ ጅቦ የአክስት ልጅ ምላሱን በከንፈሩ እያዞረ፣ ምን ይደረግ፣ ሕግ ነው አለ። ቀበሮ ከጅቡ አጠገብ ፈንጠር ብላ፣ እኔ ድሮም ይሄ ሰውዬ አይጥመኝም ነበር ማለት ጀምራለች። አያ ጅቦ ያለችውን ጭራ እግሮቹ መካከል ወሽቆ ይንቀጠቀጣል። አንበሳው በቁጣ መዳፉን ከገበቴው አውጥቶ አነሣ። ጭቃው ጠብ ጠብ ይላል።

ሁሉም ወደ ጃርት ዞሩ። ደስ ይበልሽ ይላል ዐይናቸው።

ጃርት ደስ አላላትም። ሰለቻት። በአራት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የምትናገረው? ቁና ቁና እየተነፈሰች በመካከላቸው አለፈች፣ ቀበሮ የጣለቻቸውን ሰባቱን ቅጠሎች በአፍንጫዋ ሰበሰበች፣ ከአንበሳው መዳፍ ሥር አነባበረችና እላያቸው ላይ ቁጭ አለች። እሾኋን በሙሉ አቆመች።

«ተነሺ» አለ አንበሳው።

«አልነሣም፣ ጃንሆይ። ማተም ከፈለጉ እኔ ላይ ያትሙ።»

አንበሳው እሾሁን አየ፣ መዳፉን አየ።

«ለጅብ ነው እንዴ የምትከራከሪው?» አለ ከርከሮ ከኋላ። «ትናንት ለአህያ፣ ዛሬ ለጅብ፤ ነገ ለማን ልትሆኚ ነው?»

«ነገ ላንተ ነው የምሆነው፣ ፋንድያህን ደጄ ስለጣልክ አልተውህም» አለችው ሳትዞር። ከዚያ ወደ አንበሳው ቀና አለች። «ጃንሆይ፣ ይሄን ቁርበት ዘጠኝ ቀን ሰፋሁት። አንዱ ተንከባለለበት፣ አንዱ በላው። ሁለቱም አቃጥለውኛል። የሁላችንን ንብረት የበላ ከቤቱ አምጥቶ ይተካ፤ ያ ድሮም ደንብ ነው፣ ነፍስ አያስከፍልም። የተንከባለለው ግን አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ስለ ቁርበቱ ስትጮኹ፣ ምን እንዳለ የጠየቀው አንድ እንስሳ የለም። እርስዎም አልጠየቁትም።»

አንበሳው መዳፉን እንዳነሣ ወደ አህያው ዞረ።

«ምን ነበር ያልከው?»

አህያው ምላሱን ወደ አፉ ለመመለስ ጊዜ ፈጀበት።

«ጠማኝ ነው ያልኩት፣ ጃንሆይ» አለ። «የእርስዎን ውሃ ተሸክሜ።»

አንበሳው ቀበሮን አየ፤ ቀበሮ ደመናውን ታያለች። ከዚያ መዳፉን ዝቅ አደረገና ጭቃውን በሣሩ ላይ ጠረገው። አንዴ ጠርጎ አልበቃውም፤ ደግሞ ጠረገው።

ጃርትም ከቅጠሎቹ ላይ ተነሣች።

የምንጩ አጥር በዚያው ቀን ፈረሰ፤ ያፈረሱትም ያጠሩት ጅቦች ናቸው፣ እሾሁም እጃቸውን ወጋቸው። አያ ጅቦ ቤቱ አንጥፎ ይተኛበት የነበረውን ቁርበት ሰጥቶ የሰንደቁ ማዕዘን ተተካ፤ እሱ ባዶ መሬት ላይ ይተኛል። ቀበሮ ለመጣው ሁሉ ሕጉን የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ ትላለች፤ የቆቅ እንቁላል መጥፋቱም አልቀረም። አንበሳው ቅጠሉን አሁን ራሱ ያነባል፣ ቀስ እያለ፣ ፍየል ሳትደርስበት። አህያው ጠዋትና ማታ ከምንጩ ይጠጣል፤ በቀጣዩ መስከረም ሰንደቁን በበቅሎ ጫኑት እንጂ ለእሱ አልሰጡትም፣ ገና ያኮረፉት አሉ። ሰባቱን የሕግ ቅጠል ፍየል በላችው፤ ይመራል አለች። ጃርት ቁርበቱን እንደገና ዘጠኝ ቀን ሰፋች፣ አንድ እሾኋም ተሰብሮ እዚያው ውስጥ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያናደደንም ቢሆን የሚናገርን አፍ ካልጠበቅን፣ የምናከብረው ሰንደቅ ባዶ ቁርበት ሆኖ እንደሚቀር ነው።